ሁለት ድስት፣ አንድ ጣሳ

ያለፈው ጥር ነው፤ የጣና ዳሯ ደልጊ ዳስ በዳስ ሆና ነበር። በማግሥቱ ጎረቤቴ ልጁን ሊድር ከበረንዳዬ ፊት ለፊት ባለው ግቢ ሴቶቹ በሁለት ቦታ ጉልቻ ተክለው፣ በሁለት ቦታ እሳት አንድደው ይራወጣሉ። የእህቴ ልጅ ለሠርጉ ከባሕር ዳር መጥታ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከድግሱ ቤት የተላከላትን አንድ ሰፌድ ሽንኩርት ትልጣለች። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጡረታ ጠመኔውን እንጂ አመሉን አይቀማም፤ ሰው አጠገቤ ከተቀመጠ ማስረዳት እጀምራለሁ። የዚያን ቀን ስለ ሁለቱ እሳት የጀመርኩት ማስረዳት ግን ባላሰብኩት በር ወጣ። ያስታወስኩትን ያህል ጽፌዋለሁ።

እኔ፦ ያን ሁለት እሳት ታዪዋለሽ? ከወዲህ ያለው የክርስቲያኑ ነው። በሬው በስመ አብ ተብሎ ተባርኮ ነው የወደቀው። አጥሩን ተጠግቶ ያለው ደግሞ የእስላሙ ነው። ሁለቱን በግ የገዛው የሙሽራው አባት ነው፤ ቢስሚላህ ብለው ያረዱት ግን ከወዲያ ሰፈር የመጡት ሽማግሌ ናቸው። ድስቱም ጭልፋውም ከእነሱ ቤት የመጣ ነው። ወጡን የምትሠራውም የእነሱው ሴት ናት። የሙሽራው እናት እንኳ ክዳኑን ከፍታ አትቀምስም።

እሷ፦ ባሕር ዳርም እኮ አለ ጋሼ።

እኔ፦ አለ፤ ግን እናንተ ዘንድ ለሙስሊም እንግዳ ትዝ ሲል ከሆቴል ይታዘዝለታል። እዚህ ድግሱ ገና በሐሳብ ሳለ ሁለት ነው። ባልና ሚስት ቁጭ ብለው ስንት ኩንታል ጤፍ፣ ስንት ጋን ጠላ እያሉ ሲቆጥሩ «ለእስላሞቹስ?» ሳይባል ሒሳቡ አይዘጋም። እነሱም ሲድሩ እንዲሁ ነው። ለእኛ ለብቻ ያቆማሉ፣ አራጁንም ከእኛ ይጠራሉ።

እሷ፦ ልጅ ሆኜ ለክረምት ስመጣ መለያየት ይመስለኝ ነበር። አንድ ሰፈር አድገው፣ አንድ ዕድር ገብተው፣ ሬሳ አብረው እየተሸከሙ፣ ምነው አንድ ድስት አልበቃቸው እል ነበር።

እኔ፦ መለያየት ቢሆንማ ማን ሁለት ጊዜ ይደክማል? ሰው የናቀውን ሰው ረስቶት ነው የሚደግሰው። የማይበላውን አውቀሽለት፣ አፍ አውጥቶ ሳይጠይቅሽ አዘጋጅተሽ ስትጠብቂው «አንተን ሳልቆጥር አልደገስኩም» ማለትሽ ነው። መቻቻል መቻቻል የሚባልበት ስብሰባ ላይ ብዙ ተቀምጫለሁ። ቃሉን አልወደውም። የሚችል ሰው ሸክም ያለበት ሰው ነው። ያቺ ጭልፋ ልትዋስ ስትሯሯጥ የዋለች ሴት ማንንም እየቻለች አይደለም፤ እንግዳ እየጠበቀች ነው።

እሷ፦ ዓሣ ቢሠሩ ኖሮ አንድ ድስት ይበቃቸው ነበር።

እኔ፦ እንደ ቀልድ ጣል አደረግሽው እንጂ የባሕሩ ሰው ብልሃት እሱ ነው። ዓሣ አይባረክም። ሙስሊሙ የውሃ ነው ብሎ ይበላዋል፣ እኛም እንበላዋለን፤ ማን አረደው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔና አብሮ አደጌ ሐጂው፣ አሁን ሸምግለው ሐጂ ሆኑ እንጂ ያኔ ቁምጣ ለባሽ ነበሩ፣ ቀረሶ ተጠብሶ በአንድ ሳህን እየቀረበልን ከአንድ አከርካሪ ስንግጥ ነው ያደግነው። በበዓል ቀን ለየድስታችን እንበታተናለን፤ በአዘቦት ቀን ዓሣው ይሰበስበናል። በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር የራሳችን የቤት ክርክር ነው፤ እሱን ከቄሶቹ ጋር ጨርሺው።

እሷ፦ ቡናውም አለ።

እኔ፦ ቡናውማ ትናንት ነው የታረቀን። እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ድረስ ቡና የእስላም መጠጥ ነው እየተባለ ክርስቲያኑ አይደፍረውም ነበር። የሚጠጣ ክርስቲያን በክፉ ዓይን ይታይ ነበር። ዛሬ ዘጌ ብትሄጂ የገዳማቱ ደን ውስጡ ቡና ነው። ከቄሱም ቤት ከሐጂውም ቤት አቦል ቶና በረካ እየተባለ ይጠጣል። ያኔ የተከለከለ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው የለም።

እሷ፦ ስለዚህ ርኩስ የተባለ ነገር ርኩስ መሆኑ የሚቀርበት ቀን አለ ማለት ነው።

እኔ፦ አለ እንጂ።

እሷ፦ ሰውስ?

እኔ፦ ምን ለማለት ነው?

እሷ፦ ጋሼ፣ እኔ የመጣሁት ለሠርጉ ብቻ አይደለም። ኮሌጅ አብራኝ የተማረች ጓደኛ አለችኝ። ሦስት ዓመት አንድ ክፍል ተከራይተን፣ አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተን ነው የኖርነው። በሚመጣው ወር ታገባለች፤ ሚዜ ሁኚኝ አለችኝ። እማዬ «እኔ ቆሜ እያየሁ አይሆንም» አለች።

እኔ፦ ምነው? ልጅቱ ነውር አለባት?

እሷ፦ ምንም የለባትም። ሙስሊም ናት።

እኔ፦ ሙስሊም ብትሆንስ! እናትሽ እዚሁ ደልጊ ስትዳር ከሚዜዎቿ አንዷ ሙስሊም ነበረች። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሎ የለም እንዴ? በዚህማ እህቴ አትከለክልሽም።

እሷ፦ ነገደ ወይጦ ናት።

እዚህ ላይ የመጣውን ዝምታም መጻፍ አለብኝ። የያዘችውን ሽንኩርት ልጣ ጨረሰች፣ ሌላ አነሳች፣ እሱንም ጨረሰች።

እሷ፦ አዩ? እርስዎም ዝም አሉ።

እኔ፦ ዝም ያልኩት… ቆይ እስኪ። ምግቡን ነገር እንዴት አሰቡት?

እሷ፦ እናቷ ቀድማ አስባበታለች። ቤታቸው ስሄድ «ልጄ፣ ለአንቺና ለክርስቲያን ጓደኞቻችሁ በግ እናቆማለን፤ አራጁን ከእናንተው አምጡ። ድስቱም አዲስ ይገዛል። እሱም ከከበዳችሁ ዓሣ እናደርጋለን» አለችኝ። አሁን እርስዎ ያስረዱኝን በሙሉ፣ አንድ ሳታስቀር። ይህንኑ ለእማዬ ነገርኳት። ምን አለችኝ መሰለዎት? «ከእነሱ ቤት እንኳን ሥጋ ውሃ አይጠጣም።»

እኔ፦ ውሃ አለች?

እሷ፦ ውሃ።

እኔ፦ ይኸውልሽ፣ ሥጋና ውሃ አንድ አይደሉም። ሥጋ ላይ ስም ይጠራበታል፤ የማን ስም ተጠራበት ብሎ መጠየቅ የሃይማኖት ነው፣ እኛም እነሱም እንጠይቃለን። ውሃ ላይ የሚጠራ ስም የለም። ውሃ አልጠጣም ያለ ሰው የተጸየፈው የቀዳለትን እጅ ነው።

እሷ፦ ታዲያ ይህን ለእሷ ይንገሩልኛ።

እኔ፦ ቀስ በይ፤ ነገሩ ከእናትሽ አልተጀመረም። መነሻው ጉማሬ ነው። እነዚህ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የባሕሩ ዳር ሰዎች ናቸው። በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ጉማሬ ያድኑ ነበር። ጉማሬ ደግሞ በእኛ በኦሪቱ ሕግ አይበላም። የሙስሊሞቹም ሊቃውንት ርኩስ ነው ይሉ ነበር። ስለዚህ እነሱ ሙስሊም ነን ቢሉም ሌላው ሙስሊም እንደ ሙስሊም አልቆጠራቸውም። በድስት የማይገናኙት ሁለቱ ወገኖች ወይጦን በማግለል ላይ ግን ሳይነጋገሩ ተስማሙ። ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ በሀገሩ ካለው ቋንቋ ሁሉ ፈጽሞ የተለየ ነው ብሎ ጽፏል። ሊያጠናው ፈልጎ ንጉሡን ለመነና ሁለት ሰዎች አስመጡለት። ቢጠየቁ፣ ትሰቀላላችሁ ቢባሉ፣ የሚጨበጥ መልስ አልሰጡም።

እሷ፦ ጎበዞች!

እኔ፦ ጎበዞች ናቸው፤ ቋንቋው ግን ሳይጻፍ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1907 ሚትቮኽ የተባለ ጀርመናዊ ስለ እነሱ ሲጽፍ ሁሉም አማርኛ ተናጋሪ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1928 ደግሞ ማርሴል ግሪዮል የተባለ ፈረንሳዊ ሲያልፍ አንድ ሰው በሞተው ቋንቋቸው ዘፈነለት። ዘፋኙ የጉማሬ ብልቶች መጠሪያ ከሆኑ ጥቂት ቃላት በቀር የሚዘፍነውን አያውቀውም ነበር። ታሰቢዋለሽ? ቋንቋ ሲሞት የመጨረሻ የቀረው ያው የተጠሉበት ነገር ስም ነው። ይህን ለጓደኛሽ ንገሪያት።

እሷ፦ ለሙሽራ? ምን ይሁነኝ ብላ? ጋሼ፣ ታሪክ ውስጥ አይደበቁብኝ። ጉማሬ ማደን ከቀረ ስንት ዘመኑ ነው? ጓደኛዬ ጉማሬ ያየችው እኔ ባየሁበት ቦታ ነው፤ አባይ ከባሕሩ በሚወጣበት፣ ጀልባ ላይ ቆመን፣ ስልካችንን ደግነን። ቅድመ አያቷ የበላውን ለምን እሷ ትጠየቅበታለች?

እዚህ ላይ ስንደርስ የእስላሙን ድስት የምትሠራው ጎረቤታችን በርበሬ ጎድሏት ልትዋስ ገባች። ሰምታን ኖሮ ቆማ እያለች ወሬው ውስጥ ገባች።

ጎረቤት፦ መምህር፣ ስለ ወይጦ ነው የምታወሩት?

እኔ፦ ሰማሽን እንዴ?

ጎረቤት፦ ሽንኩርቱ ዓይን ነው የሚይዘው፣ ጆሮ አይደፍንም። እውነቱን ልንገርዎት፤ እኛም ያው ነን። መስጊድ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን እንሰግዳለን። ልጅ ስጡን ሲባል ግን ዘር ይቆጠራል። እዚያ ገጥሞ የነበረው ትከሻ ከበሩ ሲወጣ ይለያያል።

እሷ፦ ውሃስ እትዬ? ከቤታቸው ውሃ ይጠጣሉ?

ጎረቤት፦ እኔ እጠጣለሁ። አማቴ በሕይወት ሳለች ግን አልደፍርም ነበር፤ እሷን ፈርቼ እንጂ አላህን ፈርቼ አይደለም። ደግሞ ምን ይገርመኛል መሰለሽ፤ ያ እሳቱ ላይ ያለው ድስት የእናቴ ነው። የሠራችው ፈላሻ ናት። ያኔ ቡዳ ናት ተብላ ከፊቷ ሕፃን ይሸሸግ ነበር፤ እኔን ራሴን እናቴ በነጠላ ሸፍናኛለች። ድስቷን ግን ገዝታ ወጥ ሠርታ አበላችኝ። እጇ ይበላል ሲባል እጇ የሠራው ድስት አልበላንም።

በርበሬዋን ተቀብላ እየሮጠች ወጣች፤ ወጡ ሊያርባት ነው።

እሷ፦ ፈላሻ ሲባል ቤተ እስራኤሎቹን ነው?

እኔ፦ እነሱን ነው። እኛ የምንጠራቸው በዚያ ስም ነበር፤ እነሱ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይላሉ። በደንቢያ፣ በጣቁሳ፣ በጎንደር ዙሪያ ቀጥቃጮቹና ሸክላ ሠሪዎቹ እነሱ ነበሩ። ማረሻው፣ ምጣዱ፣ ጀበናው ከእነሱ እጅ ነው። መለየቱ በእርግጥ ከሁለቱም ወገን ነበር። እነሱም ከሌላው ጋር የተነካካ ሰው ሳይታጠብ ቤት እንዳይገባ የሚከለክል ሥርዓት ነበራቸው፤ አትንኩኝ ይባል ነበር። ይሁን እንጂ እነሱ ታጥበው ይገባሉ፤ እኛ ግን ሰው ሲታመም ቡዳ ፍለጋ በእነሱ ላይ እንዘምት ነበር፤ ሁለቱ አንድ አይደለም። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጅ ግን ገበያ ላይ ይነበባል እንጂ ጓዳ አይገባም። በ1976 እና በ1977 ብዙዎቹ በእግራቸው ወደ ሱዳን ነጎዱ፤ በመንገድ ያለቀው አለቀ። በግንቦት 1983 ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰደ። ከዚያ ወዲያ ደህና ምጣድ ሲጠፋ ሰዉ «ምነው በኖሩ» ማለት ጀመረ።

እሷ፦ ከሄዱ በኋላ።

እኔ፦ ከሄዱ በኋላ።

እሷ፦ እኔ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ለእማዬም አልነገርኳትም። ባሕር ዳር አከራያችን ደግ ሴት ነበረች። እሑድ እሑድ ቡና ትጠራን ነበር። ሲኒዎቹ ስድስት ናቸው፤ አንዷ ጆሮዋ ተሰብሯል። ያቺ ሲኒ ሁልጊዜ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ለጓደኛዬ ነበር የምትደርሳት። መጀመሪያ አጋጣሚ መሰለኝ። በኋላ አጋጣሚ እንዳልሆነ አወቅሁ፤ ቡናው ሲያበቃ ያቺ ሲኒ ለብቻዋ ነበር የምትታጠበው። ጓደኛዬ ረከቦቱ ሲመጣ «የኔይቱ መጣች» ብላ ትስቃለች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ። አንድ ቀን እንኳ እጄን ቀድሜ ሰድጄ ያቺን ሲኒ አላነሳሁም። በጣም ቀላል ነገር ነበር እኮ ጋሼ። እጅ መዘርጋት ብቻ።

እኔ፦ ለምን አላነሳሽም?

እሷ፦ አከራያችን እንዳታፍር ብዬ። ይሉኝታ። የማታፍር ሴት እንዳታፍር ስጨነቅ ጓደኛዬ በየሳምንቱ ስታፍር ዝም አልኩ። አሁን ሚዜዋ ካልሆንኩ ያ ዝምታ እስከ ሠርጓ ሊከተላት ነው። እርስዎስ? ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያስተምሩ አንድ የእነሱ ልጅ አልገጠመዎትም?

እኔ፦ …ገጥሞኛል። አንድ ልጅ። ይህን እንደነበረው አድርጌ ለማንም አጫውቼ አላውቅም፤ ያጫወትኩ ጊዜም ጉራ አስመስዬ ነው። ገና ጀማሪ መምህር ሳለሁ ነው፤ እዚህ አይደለም፣ ግን የባሕሩ ዳር ነው። በክፍሉ ደጃፍ የውሃ በርሜል ነበር፤ በሽቦ የታሰረች አንዲት ጣሳ ነበረች። ልጁም በዚያችው ጣሳ ይጠጣል፣ ለምን አይጠጣ? እሱ ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠጣ ጠፋ። አንዳንዱ ጣሳውን በአፈር ያሻል፣ አንዳንዱ በእፍኙ ይጠጣል፣ አንዳንዱ ጥሙን ይዞ ይገባል። አንድ ቀን ተደባደቡ፤ የልጁ ግንባር ተፈነከተ። ከእኔ ፍርድ ይጠበቃል። ምን አደረግሁ መሰለሽ? ገበያ ሄጄ አዲስ ጣሳ ገዛሁለት። ሰማያዊ፣ እጀታ ያለው፣ ከሁሉም የሚያምር። በሚስማር ስሙን ጻፍኩበት። በተማሪ ሁሉ ፊት ሰጥቼው «ይህ ያንተ ነው፤ ማንም አይነካብህም» አልኩት።

እሷ፦ ጋሼ!

እኔ፦ ቆይ አስጨርሺኝ። በራሴ ኮርቼ ነበር። ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት፤ እሷም መረቀችኝ። ለሙስሊም እንግዳ ድስት እንደሚለይ ሰው፣ እኔም ለእሱ ያከበርኩት መሰለኝ። ልጁ በጣሳው የጠጣው ጥቂት ቀን ነው። ከዚያ ውሃ መጠጣት አቆመ። ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ እስኪለቀቅ ይቀመጣል። ከዚያ ትምህርት ቤቱንም ተወው። ጣሳው መስኮቱ ላይ ተቀመጠ። ዓመቱ አልቆ እስክንዘጋ እዚያው ነበር። ማንም አይነካብህም ብዬው የለም? ማንም አልነካውም።

እሷ፦ አልፈለጉትም?

እኔ፦ ቤቱ ድረስ ሄጃለሁ። እናቱ ደጃፏ ላይ ከደንገል ሙዳይ ትሠራለች። «ከአባቱ ጋር መረብ ይጎትታል፤ ሰው አንሶን ነው» አለችኝ፤ እኔን ላለማሳፈር። ተመለስኩ።

እሷ፦ አንድ ያነበብኩት ነገር ልንገርዎት? አምቤድካር የሚባል ሕንዳዊ አለ፤ የሕንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። አይነኬ ከሚባሉት ወገን ተወልዶ ነው። ልጅ ሆኖ ትምህርት ቤት ውሃውን ራሱ እንዲነካ አይፈቀድለትም፤ የትምህርት ቤቱ ተላላኪ ካልቀዳለት አይጠጣም። ተላላኪው በቀረ ቀን ጥሙን ይዞ ይውላል። አድጎ፣ ተምሮ፣ ዶክተር ሆኖ ከተመለሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1927 ማሃድ በምትባል ከተማ ብዙ ሰው አስከትሎ ወደ ከተማው ኩሬ ሄደ፤ ከኩሬው ጠጣ። ያደረገው ይህንን ነው፤ ውሃ ጠጣ። የራሳችን ኩሬ ይቆፈርልን አላለም። አይነኬነትን ሕገ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1950 በግልጽ ከለከለው፤ በአንዳንድ የገጠር ሻይ ቤቶች ግን ሁለት ዓይነት ብርጭቆ ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን ኖሯል።

እኔ፦ እኔ ተላላኪውም ኩሬ ቆፋሪውም ሆኛለሁ ማለት ነው።

እሷ፦ እንደዚያ አላልኩም።

እኔ፦ ብትዪም ልክ ነሽ። ነገር ግን ድስቶቹን አትንኪብኝ። አሁን «መለየት ሁሉ አንድ ነው፤ ሁሉም በአንድ ድስት ይብላ» ብትዪ ይህ ሠርግ ይፈርሳል፤ ግማሹ ሰው ጦሙን ይገባል።

እሷ፦ አልልም። የጠፋብኝ ልዩነቱ ነው። ያም መለየት ነው፣ ጣሳውም መለየት ነው። በምን ይታወቃል?

እኔ፦ እኔም እስካሁን ያላሰብኩት ይህንን ነው። ድስቱ ይለይልኝ የሚለው እንግዳው ነው። ልጁ ጣሳ ለዩልኝ አላለም። ደግሞ ድስቱ ተመላሽ ነው፤ ነገ እኔ ሙስሊሙ ቤት ስሄድ ለእኔ ይለይልኛል። ለጣሳው ምን መልስ አለው? እናቱ ለእኔ የምትለየው ዕቃ የት አለ? ከእሷ ቤት የገባ ሰው የለማ! የጓደኛሽ እናት በግ ላቁም፣ አዲስ ድስት ልግዛ ስትል እናትሽን እንግዳ እያደረገቻት ነበር። እናትሽ ደግሞ እንግዳ አልሆንም አለች። ድግስ አልቀበልም ማለት አንድ ነገር ነው፤ አንቺ ጋባዥ መሆን አትችዪም ማለት ግን ከዚያ ይከፋል።

እሷ፦ ይህንን አሁን እንዳሉት አድርገው ይንገሯት። ከእኔ ከሰማችው ድፍረት ይሆናል።

እኔ፦ የእናትሽ ክፋት እንዳይመስልሽ። እሷ ርኅሩኅ ናት፤ የታመመ ጎረቤት ስትጠይቅ ሃይማኖት አትለይም።

እሷ፦ አውቃለሁ። አከራያችንም ደግ ናት ብዬዎታለሁ። እርስዎም ጣሳውን የገዙት በራስዎ ደመወዝ ነው።

እኔ፦ ልጄ፣ ሽንኩርቱ አልቋል፤ ውሰጂላቸው።

እሷ፦ ይደውሉላታል?

እኔ፦ ዛሬ ማታ እደውላለሁ።

ማታ ከዳሱ ከበሮ ርቄ ከጓዳ ገብቼ ደወልኩላት። ያሰብኩትን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ ሥጋና ስለ ውሃ፣ ስለ ሙስሊሟ ሚዜዋ። ስለ ጣሳውም ነገርኳት። እህቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «አንተ ራስህስ ከእነሱ ቤት ውሃ ጠጥተህ ታውቃለህ?»

የልጁ እናት ያን ቀን በኩባያ ውሃ ቀድታ አቅርባልኝ ነበር። ቸኩያለሁ ብዬ ነው የወጣሁት።